አሮጌ ጀልባ ለመግዛት ላሰባችሁ

 

በዚህ ሰሞን ከናኪቫሌ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊዎቹ አምስት ወጣቶች ናቸው። የእቁብ ገንዘባቸውን አንድ ላይ አድርገው አሮጌ ሞተር ጀልባ ለመግዛት አስበዋል። እዚህ ካምፓላ፣ ጋባ ወደብ ላይ፣ አንድ ጀልባ አይተዋል። ዋጋው «የማይታመን ርካሽ ነው» ይላሉ። «እናንተ ጀልባ እንዳላችሁ ስለሰማን፣ ገዝተንም ቀስ በቀስ ለማደስ ስለተነሣን፣ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩን» ብለው ይለምኑናል። ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ በእርሳስ የተጨመረች አንዲት መስመር አለች፦ «እሑድ እሑድ ሰው ብናንሸራሽርበትስ?»

ያቺን የእርሳስ መስመር ባናያት ኖሮ መልሱን በሁለት ገጽ ደብዳቤ ልከን በተገላገልን ነበር። እርሷን ካየን በኋላ ግን ነገሩ ለሁሉም ይድረስ ብለን የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል። እንደነሱ ያሰበ ሌላም ሰው አይጠፋምና።

እውነት ነው፣ ጀልባ አለን። «አለን» ስንል አራት ሰዎች ነን፤ ሁለት መምህራን፣ አንድ መካኒክ፣ እና ጋባ ገበያ ውስጥ ማቶኬና አናናስ የምትነግድ አንዲት እህታችን። ካምፓላን ለማታውቁ፣ ጋባ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ነው። ሐበሻ የሚበዛባቸውን ካባላጋላንና ካንሳንጋን አልፎ የሚሄደው መንገድ ሐይቁ ላይ የሚያበቃው እዚያ ነው። ገበያውና የጀልባው ማረፊያ ጎን ለጎን ስለሆኑ ከደሴቶቹ የመጣ አናናስ ከጀልባ ወርዶ ወዲያው መደብ ላይ ይወጣል። የኛም ሐሳብ ቀላል ነበር፤ እህታችን ለሌላ ሰው ጀልባ የምትከፍለውን ኪራይ ለራሳችን ማስቀረት፣ የቀረውን ቦታ ደግሞ ለሌሎች ነጋዴዎች ዕቃ ማከራየት።

እ.ኤ.አ. በ2022 እቁባችን ሲወጣልን አንድ 28 ጫማ የሚረዝም አሮጌ የእንጨት ጀልባ ከ15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ጋር በ4 ሚሊዮን ተኩል ሽልንግ ገዛን። ከዚያ ወዲህ ለጥገና ያወጣነው ብቻ ከ3 ሚሊዮን በልጧል። ጀልባው ደግሞ ገና አላለቀም። እንግዲህ «የማይታመን ርካሽ» የሚለውን ቃል ስናነብ ለምን ፈገግ እንዳልን ይገባችኋል።

ለመሆኑ ርካሽ የሆነው ለምንድን ነው? መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼ ነው። አንዳንዱ ጀልባ ርካሽ የሚሆነው አጭር ስለሆነ ነው። በዩጋንዳ በኩል በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ለዓሣ ማጥመድ የሚወጣ ጀልባ ከ28 ጫማ እንዳያንስ የሚል ደንብ አለ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦሩ በየወደቡ ሲቆጣጠር ከዚያ ያነሱትን እየሰበሰበ ሲያቃጥል በዓይናችን አይተናል። ብዙ ድሃ ዓሣ አጥማጅ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ «ለመጓጓዣ እንጂ ለዓሣ አይደለም» እየተባለ አጭር ጀልባ ለማያውቅ ሰው ይሸጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሌላው ርካሽ የሚሆነው ሞተሩ የተሰረቀ ስለሆነ ነው፤ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን። ሦስተኛው፣ የኛም ዕጣ የወደቀበት፣ ሆዱ የበሰበሰ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያ ስህተታችን ቀለም ነው። ጀልባውን እንደገዛን ማንም ሳይመክረን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀባነው። በሁለቱም ጎን በትልቁ «ጣና» ብለን በአማርኛ ጻፍን። ጽሑፉን የጻፍነው እኛ መምህራኑ ነን፤ የሰሌዳ ጽሕፈታችን ደህና ነው ይባላል። የወደቡ ልጆች መጥተው ፊደሉን እያዩ «ይሄ ምን ዓይነት ሥዕል ነው?» ይሉን ነበር። ደስ ብሎን ነበር፣ አንዋሽም። መካኒኩ ወንድማችን ብቻ ዳር ቆሞ «ቀለሙ ያልቆይ ነበር» አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያን ሁሉ ቀለም ከስድስት ወር በኋላ በብረት ብሩሽ ፍቀን አወረድነው።

ለምን እንደሆነ እናስረዳ። የዚህ አገር የእንጨት ጀልባ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ አንድ ወፍራም እንጨት አለ፤ የጀልባው አከርካሪ በሉት። ከሱ ላይ ሳንቃዎች በግራና በቀኝ እየተደረደሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከውስጥ ደግሞ እንደ ጎድን አጥንት በተሠሩ እንጨቶች ይያያዛሉ። ዱሮ የቡጋንዳና የሰሴ ደሴቶች ሰዎች ሳንቃውን በቃጫ ይሰፉት ነበር ይባላል፤ ዛሬ ምስማር ነው። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለው ክፍተት በጥጥ ወይም በጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ በላዩ ላይ ቀጭን የቆርቆሮ ጥብጣብ በምስማር ይመታበታል። ይህ የቆርቆሮ ጥብጣብ ጥሩ ነገር ነው፤ ክፉም ነገር ነው። ጥጡን ይጠብቃል፣ ግን ከሥሩ እንጨቱ ምን እንደሆነ አያሳይም። የበሰበሰ ሳንቃ ያለው ሰው ሰፋ ያለ ቆርቆሮ መትቶ ሬንጅ ከቀባበት በኋላ ማን ያየዋል? ሻጫችን ያደረገው ይህንኑ ነው። እኛ ደግሞ በሱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ደረብንበት።

አሁን ብናይ እንዲህ እናየው ነበር። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ፣ ተገልብጦ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሲቆይ ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ እናንተም ገንዘብ የለንም በሉ። ከዚያ ትንሽ ሹል ቢላዋ ይዛችሁ ሳንቃውን በየስንዝሩ ወጋ ወጋ አድርጉ። ደህና እንጨት ቢላዋውን ይመልሳል፣ የበሰበሰ እንደ ዳቦ ያስገባዋል። ሰፊ ቆርቆሮ የተመታበትን ቦታ «ይነሣና ልየው» በሉ። በተለይ አከርካሪውንና ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ አትለፉ፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ውሎ የሚያድረው በዚያች ሳንቃ ላይ ነውና። ምስማሩም ይታይ፤ ዝገቱ እንጨቱን ዙሪያውን አጥቁሮት ከሆነ ምስማሩ ይዞ አይደለም፣ ለስሙ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ ጀልባው ውኃ ውስጥ ይግባና ይደር። የደረቀ ጀልባ መጀመሪያ ሲገባ ማፍሰሱ አይቀርም፣ አትደንግጡ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ ራሱ ይዘጋል። በማግሥቱ ጠዋት ውኃውን ጨልፋችሁ አውጡና በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ስንት ጀሪካን እንደሚገባ ቁጠሩ። የኛ በመጀመሪያው ቀን በሰዓት አንድ ጀሪካን ሙሉ ያስገባ ነበር። «አሮጌ ነው፣ ይሄማ ያለ ነው» ተባልን፤ አመንን። አሁን ዕቃ ጭኖ በቀን ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ብቻ ነው የምንጨልፈው። የጣና ሰዎች ይህን ነገር ከልጅነታቸው ያውቁታል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ በየጊዜው ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። የእንጨት ጀልባም የራሱ ጠባይ አለው፤ የኛው ታንኳ ግን ቢያንስ ሕመሙን በቀለም አይደብቅም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የፋሲካ ሰሞን የሆነውን አሁን እንንገራችሁ። ከአንድ ማኅበር 18 ወጣቶች ሐይቁ ላይ መዝናናት ፈለጉና ጠየቁን። የሚከፍሉት ገንዘብ እኛ በአንድ ወር ከዕቃ ጭነት የምናገኘውን ያህል ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ሰሞን ነው። ሦስታችን «እሺ» ብለን ቀብድ ተቀበልን። መካኒኩ ሲሰማ «በዚህ ጀልባ እናቴን አልጭንም። የእናቴን ልጅ ካልጫንኩ የሰውን ልጅ እንዴት እጭናለሁ?» አለ። ሞተሩን ቤቱ አስገብቶ ቆለፈበት። እኛም ተናደድን፤ ፈሪ አልነው፣ ሌላም አልነው፤ የማይጻፍ ነው። ቀብዱን መልሰን ወጣቶቹን ይቅርታ ጠየቅን። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጡንም።

ሽርሽሩ ይሆን ከነበረበት ቀን በሁለተኛው ቀን ጠዋት እህታችን ከገበያ ደወለችና «ጣና ሰጥማለች» አለችን። ስንደርስ ጀልባው በገመድ እንደታሰረ ውኃው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ከላይ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው፤ «ጣ» የምትለዋ ፊደል። አሥር የወደብ ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጡልን። ለድካማቸው አንድ ካሳ ሶዳና ጥቂት ብር ሰጠናቸው። ተገልብጦ ሲታይ ያ ሰፊ ቆርቆሮ አንድ ጫፉ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ክንድ የሚያህል ክፍት አለ። እንጨቱ በእጃችን ሲነካ እንደ ትንባሆ ተፈረፈረ። ሽርሽሩ ዕለት ይከፈት ነበር አንልም፤ ይህን ማንም አያውቅም። ግን ሦስታችን ዝም ብለን ቆመን፣ በልባችን 18 ሰው እየቆጠርን እንደነበረ ኋላ ላይ ተነጋግረናል። መካኒኩ አንድም ቃል አልተናገረም። ሳይደግስ አይጣላም ያለችው እህታችን ብቻ ናት።

ካምፓላ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ሌላ ጀልባ ያስታውሳል። ስሟ ቴምፕላር ነበር። ቅዳሜ ኖቬምበር 24 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ለመዝናናት ይዛ ከወጣች በኋላ በሙኮኖ አውራጃ በኩል፣ ከዳር ብዙም ሳትርቅ ተገልብጣ ሰጠመች። ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የጀልባዋ ባለቤቶች የነበሩ ባልና ሚስትም አብረው አለቁ። ባለሥልጣናት በዚያን ጊዜ እንደተናገሩት ጀልባዋ የሥራ ፈቃድ አልነበራትም፣ ይዞታዋ ጥሩ አልነበረም፣ ሰውም ከአቅሟ በላይ ጭና ነበር። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም። ሙዚቃ ነበር፣ ጭፈራ ነበር፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ሊያድኑ የደረሱ ዓሣ አጥማጆችም ነበሩ፤ ግን ከሚሰጥመው ጀልባ ብዙ ሰው በአንዴ ተንጠላጥሎባቸው የነሱም ጀልባ ችግር ውስጥ ገባ። ያን ሰሞን እዚህ ሬሳ ሲፈለግ የሰነበተበትን ጊዜ ያየ ሰው ሐይቁን እንደ መናፈሻ አያየውም።

ይህን ያነሣነው ለማስፈራራት አይደለም። ቴምፕላር ላይ የነበሩት ሰዎች ከኛ የተለዩ ሞኞች አልነበሩም። እኛም ቀብድ ተቀብለን ነበር። አሮጌ ጀልባ ሲጠገን ዓይን የሚያየው ነገር ቶሎ ያምራል፤ ወንበሩ፣ ጣራው፣ ቀለሙ፣ ሙዚቃው። ሆዱ ግን ዓመት ይፈጃል። ሰው የሚገባው ባማረው ተስቦ ነው፤ የሚይዘው ግን ሆዱ ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ነው አደገኛው።

ወደ ጥገናው እንመለስ። ያን ሳንቃ ለመለወጥ እንጨቱን የገዛነው ከንዴባ ነው፤ የካምፓላ የእንጨት መሰንጠቂያ ያለበት ሰፈር ነው። እዚያ ስትሄዱ «ሙቩሌ» የሚባለውን ጠይቁ። ከባድ፣ ውኃ የሚችል፣ ውድ እንጨት ነው። ገንዘብ ስላነሰን መጀመሪያ ባህር ዛፍ እንድንገዛ ተመክረን ነበር። ባህር ዛፍ ለላይኛው ጎን ምንም አይል፤ ለሥር ግን ስንደርቅ እየተጣመመ ክፍተት ይፈጥራል ብሎ የጀልባ ሠሪው ሽማግሌ ከለከለን። እኒህ ሽማግሌ የሰሴ ሰው ናቸው። ሜትር አይዙም፣ በክንድና በስንዝር ነው የሚለኩት። እኛም የሒሳብ መምህር ሆነን ከኋላ በሜትር እየለካን ስንከተላቸው የተሳሳቱት አንዴም አላገኘንም። አንድ ነገር አስተምረውናል፤ የበሰበሰ ሳንቃ ሲቆረጥ እስከ ደህናው ድረስ ብቻ ሳይሆን ደህናውንም አንድ ክንድ ጨምሮ ይቆረጣል። «ብስባሹ ከዓይን ይቀድማል» ይላሉ። ለዚያ ለተጨማሪው ክንድ የወጣው ገንዘብ ያኔ አንገብግቦን ነበር።

ሞተሩን በተመለከተ እዚህ ሐይቅ ላይ የምታዩት አብዛኛው የያማሃ ቱ ስትሮክ ነው። ደግነቱ በየወደቡ የሚያውቀው ሰው አለ፣ መለዋወጫውም ይገኛል። ሞተር ልታዩ ስትሄዱ ከሁሉ በፊት እጃችሁን ጫኑበት። ትኩስ ከሆነ ሻጩ እናንተ ሳትመጡ አስነሥቶ አሙቆታል ማለት ነው፤ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን በሉት። ደካማ ሞተር የሚታወቀው በብርድ ሲነሣ ነውና። ሲነሣ ከጎኑ ቀጭን የውኃ ጅረት ትወጣለች፤ እርሷ ካልወጣች ማቀዝቀዣው አይሠራም፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩ ይቃጠላል። ጋባና ፖርት ቤል አካባቢ ይህቺን ጅረት የሚያቋርጧት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ፌስታልና እንቦጭ። አዎ፣ ያው ጣናን ያስቸገረው እንቦጭ። እዚህ ግን ቀድሞ የገባ ነው፤ በ1990ዎቹ ፖርት ቤልን ዘግቶ መርከብ እስከማስቆም ደርሶ ነበር። ዛሬም በንፋስ እየተገፋ ይመጣል። ስለዚህ የሚነዳው ሰው ዓይኑ ወደፊት ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ወደኋላ ወደዚያች ጅረት ይሁን።

ከሥር ያለውን የማርሽ ዘይት ጠብታ አስወጥታችሁ እዩት። እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ቤንዚኑ ደግሞ ከዘይት ጋር ይደባለቃል። ለብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ሞተሮች 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፤ ማለትም ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር። ዘይቱን በግምት የሚያፈስ ነጂ አትቅጠሩ። እኛ ግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ላይ በምላጭ መስመር አስምረን አስቀምጠናል፤ ከሷ ውጪ ማንም አይቀዳም። ዘይት ሲያንስ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁርና ሐይቅ መካከል ያቆማችኋል።

የኛ ሞተር ጀልባው በሰጠመ ጊዜ አብሮ አልሰጠመም፤ መካኒኩ ቤት ተቆልፎበት ነበር። ጋባ ላይ ሞተሩን ማታ ማታ ፈትቶ ተሸክሞ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው፤ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ቢሆንም ሌባው ደግሞ ከ40 ኪሎ አይሸሽም። ሞተር ውኃ ቢገባ ግን ምን ይደረጋል? ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ «ሊዬምባ» የምትባል መርከብ ነበረች። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1913 አገራቸው ሠርተው፣ ፈታተው፣ በሳጥን አሽገው አምጥተው ኪጎማ ላይ የገጠሟት ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1916፣ ጠላት እጅ እንዳትገባ ራሳቸው አሰጠሟት። ከማስጠማቸው በፊት ግን መሐንዲሶቹ ሞተሯን በወፍራም ግራሶ ለቅልቀውት ነበር። እንግሊዞች በ1924 አወጧት፣ አድሰውም በ1927 ሥራ አስጀመሯት፣ ከዚያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰውና ዕቃ ስትጭን ኖራለች። መርከባቸውን ራሳቸው ያሰጠሙ ሰዎች እንኳን ግራሶ አልሰሰቱም፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን ሞተር ሳንቀባ ክረምቱን እናሳልፋለን። ለማንኛውም ሞተራችሁ ከሰጠመ «ነገ ሐሙስ መካኒክ ይምጣ» አይባልም። በዚያው ሰዓት ካንዴላዎቹ ይውጡ፣ ውኃው ይፍሰስ፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ይግባ፣ በእጅ ይሽከርከር፣ በዚያው ቀን ይነሣ። አየር ነው የሚያበላሸው፤ ዝገቱ የሚጀምረው ሲወጣ ነው።

ስለ ወረቀት በአጭሩ። ሽያጩ በቃል አይሁን። የአካባቢው የኤል ሲ ዋን ሊቀመንበር ባለበት ተጽፎ፣ ምስክር ፈርሞ፣ ማኅተም ይመታበት። የሞተሩ ተከታታይ ቁጥር ውሉ ላይ ይጻፍ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተመታ ሞተር በነፃ ቢሰጧችሁም አትንኩ። ሐይቁ ላይ ሞተር የሚዘርፉ ወንበዴዎች አሉ፣ ፖሊስ ቁጥር ሲያይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስደተኛውን ነው። የ2006ቱ የዩጋንዳ የስደተኞች ሕግ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ይሰጠናል፤ ስለዚህ ውሉ በስደተኛ መታወቂያችሁ ላይ ባለው ስም ይሁን እንጂ በሌላ ሰው ስም አይሁን። «በኔ ስም እናድርገው፣ ይቀልላችኋል» የሚል የአገሩ ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ሲሞት ወይም ሲጣላችሁ ግን ጀልባው የሱ ነው። ለሰው ማጓጓዣ የሚውል ጀልባ መመዝገብ፣ መመርመርና ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ የ2021ዱ የውኃ ላይ ትራንስፖርት ሕግ ይህን ይጠይቃል፣ ጉዳዩም የሥራዎችና የትራንስፖርት ሚኒስቴር ነው። ምዝገባው ጊዜ ይወስዳል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ አንዲት የክፍል ውስጥ ትምህርት ፍቀዱልን። ባዶ፣ ክዳኑ የጠበቀ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ብታስገቡት 20 ሊትር ውኃ ይገፋል። ስለዚህ የራሱ ክብደት ሲቀነስ ወደ 19 ኪሎ ያህል ወደላይ ያነሣል። አሥር ጀሪካን ከመቀመጫዎቹ ሥር በገመድ ጠንክሮ ሲታሰር ወደ 190 ኪሎ ይሆናል። የእንጨት ጀልባ ራሱ ይንሳፈፋል፤ ወደታች የሚጎትተው ሞተሩና ጭነቱ ነው። እነዚህ ጀሪካኖች ካሉ ጀልባው በውኃ ቢሞላ እንኳ እስከ አፉ ወርዶ ይቆማል እንጂ አይጠፋም፤ ሰው ይዞት መጠበቅ ይችላል። እኛ ጋ ይህ ሥራ የፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላና የአሥር አሮጌ ጀሪካን ዋጋ ነው። ከቀለሙ በፊት ብናደርገው ምን ነበር! ግን ልብ በሉ፤ ጀሪካኑ ለጀልባው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት ያስፈልጋል፤ ለሕፃን ደግሞ በልኩ የተሠራ፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ካደረጋችሁት ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ግን ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል።

እንግዲህ ወደዚያች የእርሳስ መስመር። እሑድ እሑድ ሰው ብናንሸራሽርበትስ?

ወንድሞቻችን፣ በመጀመሪያው ዓመት አይሆንም። ጀልባው አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ዕቃ ብቻ ጭኖ ይክረም። ቪክቶሪያ ላይ ከሌሊት እስከ ማለዳ የሚነሣው ነጎድጓድና ነፋስ ከባድ ነው። የአናናስ ጭነት ወድቆበት ብታዝኑም ትረሱታላችሁ። በየቀኑ የገባውን ውኃ በደብተር ጻፉ፤ ስንት ቆርቆሮ፣ በስንት ሰዓት። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ ጀልባው እየዳነ ነው፣ እየጨመረ ከሄደ ምንም ቢመስል እየታመመ ነው። ይህ ደብተር እኛ ጋ አለ፣ እናሳያችኋለን። ሐሳባችሁ ጀልባውን ናኪቫሌ ሐይቅ ላይ ማዋል ከሆነ ደግሞ እዚያ ጉማሬ እንዳለ ከኛ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ጉማሬ ለጀልባ ቀለም አይመለከትም።

ያያችሁትን ጀልባ እኛም ሄደን አየነው። ስሙን አንጠቅስም። ርዝመቱ 28 ጫማ ይሞላል፣ ሞተሩም ቁጥሩ ንጹሕ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን በግራ በኩል፣ ከውኃው መስመር ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ስንዝር የሚሰፋ አዲስ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። በላዩም አዲስ ሰማያዊ ቀለም አለ። ባለቤቱ ቆርቆሮውን እንዲያነሣልን ጠየቅነው፤ «ልትገዙ ነው ልታፈርሱ?» አለን። እስኪነሣ ድረስ ቀብድ እንዳትሰጡ።

የኛዋ ጣና በአሁኑ ሰዓት ጋባ ዳር ተገልብጣለች። በቀኝ በኩል አንድ ሳንቃ ቀርቷታል፤ ሽማግሌው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። ከእናንተ ሁለታችሁ እንኳ መምጣት ብትችሉ ሲሠሩ ታያላችሁ። ስትመጡ አሮጌ ልብስ ልበሱ፤ ሬንጅ ከጨርቅ አይለቅም።